የውጭ ተማሪዎች

«ሰባት ናቸው» አለ ፈንታው በስልኩ። «ስምንተኛም ነበረች፤ ጉንፋን ሲይዛት ወደ ውስጥ ገባች።»

ፈንታው ከግቢዬ አጠገብ ያለው የኪነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ዘበኛ ነው። ያን ቀን መምህራኑ ሁሉ ማስተማር ላይ ስለነበሩ የቢሮውን ስልክ ያነሳው እሱ ነው። እኔ በሩ ላይ ቁጢጥ ብዬ የኃላፊውን የሞተር ሳይክል ጎማ እለጥፍ ነበርና፣ ስልኩም ድምፁ ትልቅ ነውና፣ የሁለቱንም ወገን ሰማሁ።

«ሰባት የውጭ ተማሪ?» አለ ደዋዩ። ከበላይ መሥሪያ ቤት ነው። «ቆቦ ላይ?»

«ቆቦ ላይ።»

«አየሩ አይከብዳቸውም?»

«ጠዋት ጠዋት ደህና ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይዞርባቸዋል።»

«የውጭ መምህርስ አላችሁ?»

«አንድ አለ። አብሯቸው ነው የሚወጣው።»

ደዋዩ ደጋግሞ አመስግኖ ዘጋ። ፈንታውም ስልኩን በእጅጌው ጠርጎ ቦታው መለሰው።

ዩኒቨርሲቲ ስል ታፔላው እንዲያ ስለሚል ነው። ሁለት ክፍልና ሠላሳ አንድ ተማሪ አለው። አንዱን ክፍል ሙዚቃ፣ ሌላውን ቴአትር ቀድመው ያዙና ሥዕል ሜዳ ላይ ቀረ። ሠዓሊዎቹ በሽቦው አጥር ቀዳዳ እየሾለኩ እኔ ግቢ፣ ቁርቁራ ዛፍ ሥር መማር ጀመሩ። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ያረጀ የመኪና ጎማ ሞልቶኛል፤ ወንበር ሆናቸው። እንግዲህ ፈንታው የሚያውቃቸው የውጭ ተማሪዎች እነዚህ ናቸው። ሰውየው አንድም ውሸት አልወጣውም።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ኃላፊው አቶ ተዋቸው ከደብረ ማርቆስ ተመድበው የመጡ፣ ኮማው በቦታው ካላረፈ ወረቀት ላይ የማይፈርሙ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን ይዘው በቀዳዳው ብቅ አሉና ዛፉ ሥር ቆመው ለሁላችን አነበቡት። ዓለም አቀፍ ያልሆነ የኪነ ጥበብ ተቋም ተዘግቶ ተማሪዎቹ ወደ ደሴ ይዛወራሉ ይላል። ይህ ተቋም ግን ሰባት የውጭ ተማሪ ስላለው ተስፋ ሰጪ ነው፤ ቁጥራቸው ከተማሪው ግማሽ ካለፈ የዓለም አቀፍነት ማረጋገጫ ያገኛል፤ ማክሰኞ አጣሪ ትመጣለች ይላል።

አቶ ተዋቸው ወረቀቱን አጠፉት። «አያ ፈንታው፣ የውጭ ተማሪ ማለት የውጭ አገር ተማሪ ማለት ነው።»

«አገር አላሉኝማ» አለ ፈንታው።

«አሁኑኑ ደውዬ አስተካክላለሁ።»

ኡሙሃኒ ከተቀመጠችበት ጎማ ተነሳች። ከሰባቱ ሠዓሊዎች አንዷ ናት፤ ነገር ሳታበዛ የምትናገር ልጅ። «ቲቸር፣ ከደወሉ ይዘጉታል?»

«ይዘጉታል።»

«እኔ ደሴ መሄድ አልችልም። እናቴ ዓይኗ ማየት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። ሥዕል የምማረው ከጎብዬ በሚኒባስ መመላለስ ስለቻልኩ ነው። ደሴ ካላችሁኝ ወላሂ እዚሁ ላይ አበቃሁ።»

አቶ ተዋቸው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡት፤ አዩት፤ መለሱት። «ውሸት ግን አልጽፍም» አሉ።

«ማን ይጻፉ አለዎት?» አለ ፈንታው። «ቁጥሩን እውነት ማድረግ ነው እንጂ።»

«በምን?»

«ማውጣት ነዋ።»

እኔ የሳቅኩት ብቻዬን ነው። በማግስቱ ሙዚቃ ወጣ። ክራሩም ማሲንቆውም ከበሮውም በዚያች ቀዳዳ አለፉ፤ ቀዳዳው ለከበሮው ስላልበቃ ሽቦው ተቆረጠ። አርብ ቴአትር ተከተለ። ሁለቱ ክፍሎች ባዶ ሆነው ተቆለፉ። ፈንታውም ጠረጴዛውን ከዋናው በር አንስቶ ቀዳዳው ጋ አኖረና በካርቶን ላይ «የውጭ ግንኙነት» ብሎ ሰቀለበት። ተማሪ ሲወጣ መታወቂያ ያያል፤ ሲመለስ ስንት ቀን እንደቆየ ይጠይቃል። አንዱ ማስመሪያ ረስቶ ሦስት ጊዜ ቢመላለስበት «አንተ ልጅ፣ ወይ እዚህ ኑር ወይ እዚያ ኑር» ብሎ ተቆጣው።

አቶ ተዋቸው ነገር በወረቀት ካልሆነ እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው ከእኔ ጋር የትብብር ስምምነት ተፈራረሙ። እነሱ ለሽያጭ ያዘጋጀሁት ጎማ ላይ ሥዕል አይሥሉም፤ እኔም ዘፈን ሲለማመዱ ኮምፕሬሰር አላስነሳም። እኔ የፈረምኩበት ቦታ «ስለ አስተናጋጁ አገር» ይላል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ስተው እዚህ እደርሳለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ባለቤቴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ገመዷ ላይ የቴአትር ጭንብል ተንጠልጥሎ አገኘች። «ውጭ አገር ልሂድ እያልኩ ስለምንህ ኖርኩ» አለችኝ። «ለካ ጓሮዬ ኖሯል።»

ማክሰኞ አጣሪዋ ወይዘሮ መቅደስ መጡ። ከመኪና ሲወርዱ የቆቦ ፀሐይ ተቀበላቸው፤ በፋይላቸው ፊታቸውን እያራገቡ አንዱን ክፍል አስከፈቱ፤ ባዶ ነው። ሌላውንም አስከፈቱ።

«ተማሪዎቹስ?»

«ውጭ ናቸው» አሉ አቶ ተዋቸው።

«ሁሉም?»

«ሠላሳ አንዱም።»

«ለልውውጥ ሄደው ነው?»

አቶ ተዋቸው መዋሸት ስለማይሆንላቸው ወደ ቀዳዳው መሯቸው። እዚያ ፈንታው ተነስቶ ሰላምታ ሰጠና «መታወቂያ፣ የኔ እመቤት» አለ። ሰጡት። አገላብጦ አይቶ «ብዙ ይቆያሉ?» አላቸው።

ወይዘሮ መቅደስ ሲሾልኩ ቦርሳቸው ሽቦው ላይ ተያዘ፤ እኔ አላቀቅኩላቸው። ቀና ሲሉ ሠላሳ አንድ ሰው ጎማ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። ቅርባቸው ያለችው ኡሙሃኒ ነበረች፤ የኔን ኮምፕሬሰር እየሣለች ነው። እውነቱን ለመናገር ከራሱ ከኮምፕሬሰሩ ሥዕሉ ይሻላል።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከጎብዬ።»

«ጎብዬ እዚሁ ታች ያለችው?»

«አዎ። ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሚኒባሱ ቶሎ ከሞላ።» «ደሴ ግን ሩቅ ነው» አለች ቀጥላ። «እናቴ አታይም። ቤት ስገባ የዋልኩበትን ሥዕል ከላይ እስከ ታች እነግራታለሁ። ትናንት ይህን ስነግራት ‹ቱቦው ጠሞብሻል› አለችኝ። ጠዋት መጥቼ ሳየው እውነትም ጠሟል።»

ወይዘሮ መቅደስ ሥዕሉን አዩ፤ ዞረው ኮምፕሬሰሩን አዩ። ባዶ ጎማ ፈልገው ተቀመጡና ቅጹን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ለረጅም ጊዜ አነበቡት።

«‹የውጭ ተማሪ ብዛት› ነው የሚለው» አሉ በመጨረሻ። «አገር የሚለው የለም።»

«ቦታ አልበቃ ብሏቸው ይሆናል» አልኩ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«እኔ የምሞላው ቅጹ የጠየቀኝን ነው።» እስክሪብቶ አወጡ። በጣታቸው እየጠቆሙ ከዳር እስከ ዳር ቆጠሩን፤ እኔን ሁለት ጊዜ ቆጥረው አንዱን ቀነሱ። ኡሙሃኒ እርሳሷን እንደያዘች ቀረች። አቶ ተዋቸው ላባቸውን መጥረግ ትተዋል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ሲል ወይዘሮ መቅደስ ቀና ብለው የቁርቁራውን ቅርንጫፍ ተመለከቱ። በቅጠሎቹ መሀል ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ። «ሲዘንብስ?»

አቶ ተዋቸው እኔን አዩኝ፤ እኔ ዛፉን አየሁ።

«ያኔ የአገር ውስጥ ይሆናሉ» አለ ፈንታው፣ መታወቂያቸውን እየመለሰላቸው።