ምንም የማይደረግለት ተማሪ

ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባ ዕለት ሻንጣውን እንኳ ሳያሳርፍ አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት መንገድ ላይ ያዘችው። ሁለተኛ ዲግሪዋን በዚያው ዓመት የጀመረች ተመራማሪ ነበረች፤ የሳይንስ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንደሚላመዱት ታጠናለች። ገና ከእናቱ ቤት የወጣ ልጅ ፈገግ ላለለት ሁሉ እሺ ይላል፣ እሱም እሺ አለ።

«ግማሾቹን እንረዳቸዋለን» አለችው። «ጠዋት ጠዋት እንዴት አደራችሁ እንላቸዋለን፣ ካልኩለስ የሚያስጠናቸው ሰው እንመድባለን፣ ሻይና ብስኩትም አለ። ሌላው ግማሽ ማነጻጸሪያ ነው።»

«እኔስ የትኛው ውስጥ ነኝ?»

«አንተ ሌላው ግማሽ ነህ።»

«ከነማን ጋር?»

«ብቻህን። ሰው አልተገኘም» አለችና ፊቱ ሲጠቁር አይታ «ግን በጣም አስፈላጊው አንተ ነህ። አንተ ላይ ምንም አይደረግም» አለችው።

ማታ ለእናቱ ደወለ። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። የላብራቶሪ ጋውኑን የሰፋችለት ራሷ ስትሆን፣ «ገና ታድጋለህ» ብላ እጅጌውን እስከ ጣቱ ጫፍ አውርዳዋለች።

«እማዬ፣ ጥናት ውስጥ ገባሁ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ። ምን ታጠናለህ?»

«እኔ አላጠናም፣ እኔን ነው የሚያጠኑኝ።»

«ምን ያደርጉሃል?»

«ምንም።»

«ምንም ካላደረጉህማ ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለች እናቱ።

ምንም ማለት ምን እንደሆነ የገባው በማግስቱ ነው። የኬሚስትሪ ላብራቶሪ የት እንደሆነ የበሩን ጥበቃ ቢጠይቀው፣ ጥበቃው ሰማይ ሰማይ አየ። ለካ ግቢው በሙሉ ልጁን እንዳይረዳ ታዟል። ክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ አስተማሪው ዓይኑን ወደ ኋላ ይልካል፤ እዚያ ታጣፊ ወንበሯን ዘርግታ የተቀመጠችው ተመራማሪ ራሷን በእምቢታ ትነቀንቃለች፤ አስተማሪውም «ሌላ ጥያቄ ያለው?» ይላል። ምግብ ይሰጠው አይሰጠው የሚለው ጉዳይ ኮሚቴ ድረስ ሄዶ ነበር። የሞተ ሰው ለማነጻጸሪያ አይመችም ተብሎ ተፈቀደለት።

የመኝታ ክፍሉ ጓደኛ ከሚረዱት ወገን ነበር። ልጁን ማናገር ስለተከለከለ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለግድግዳው ይነግራል።

«እንዴት አደርክ ሲሉኝ ጥሩ መልስ ልስጥ ብዬ ስጨነቅ እንቅልፍ አጣሁ» ይለዋል ግድግዳውን። «ብስኩቱም ሰለቸኝ።»

ልጁ ከፋው፣ እውነቱ ይኸው ነው። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች ሁለት ወር ሙሉ ዝም ተብለው አያውቁም። አንዳንዴ ሽንት ቤት ገብቶ የራሱን ስም ይጠራ ነበር፣ ድምፁ አለመጥፋቱን ለማየት።

አንድ ነገር ብቻ አልተለየውም፤ ያቺ ታጣፊ ወንበር። ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ወንበሯ አለች፣ ምሳ ሲበላ አለች። በሞቀ ብልቃጥ ጣቱን ያቃጠለ ዕለት ተመራማሪዋ ብድግ አለችና ሥራዋ ትዝ ሲላት መልሳ ተቀመጠች። መጽሐፍ ላይ ሲያንጎላጅ ወንበሯ ሲጥ ትላለች፣ እሱም አፍሮ ቀና ይላል። እየቆየ ሲሄድ ክፍል እንደገባ ከሰሌዳው በፊት የሚፈልገው ወንበሯን ሆነ። እሷ ካረፈደች በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

የኬሚስትሪ ፈተና ውጤት የተለጠፈ ቀን ግን ወንበርም አላጽናናውም። የእሱ ውጤት ከታች ነው። ለእናቱ «ፈተናው ቀላል ነበር» ብሏት ነበር፣ አሁን በምን ዓይኑ ያያታል? የሆነ ይሁን ብሎ ሻንጣውን ማሰር ጀመረ፤ ትምህርቱን ትቶ ቤቱ ሊገባ።

«እኔ ብሆን አልሄድም» አለ ጓደኛው ለግድግዳው።

ፌርማታው ላይ ቆሞ አውቶቡስ ሲጠብቅ ተመራማሪዋ እያለከለከች ደረሰች። ወንበሯን ዘረጋችና ተቀመጠች።

«አትሂድ አይሉኝም?» አላት።

«አልችልም። ከተናገርኩ ጥናቱ ይበላሻል።»

«አሁን እኮ እየተናገሩ ነው።»

«ይሄ ማብራሪያ ነው፣ ይፈቀዳል።»

«ከሄድኩስ?»

«ያኔም ይበላሻል» አለችና ጫማዋን ማየት ጀመረች።

አውቶቡሱ መጣ። ረዳቱ አንገቱን በበሩ አውጥቶ «ወንድሜ፣ አንተም ትገባለህ ወይስ ሻንጣህን ብቻ ልጫን?» አለው። ልጁ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ። ከኋላው ወንበሯ ሲጥ አለች።

«እንዴት አደርክ?»

ዞር አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ተመራማሪዋ ግን ቆማ፣ ለሚረዱት የተዘጋጀችውን ያቺኑ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። ቤቱን ለቆ ከመጣ ጀምሮ ያደረበት ሌሊት ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣበት።

«ደህና አላደርኩም» አለ። «አንቺስ?»

እርስዎ ማለቱን የት እንደጣለው እሱም አላወቀም። አዲስ ከተማ፣ አዲስ ትምህርት፣ ሰላም የማይላት አማካሪ፤ ለእሷም ቢሆን የመጀመሪያ ዓመቷ ነበር፣ ይህን የጠየቃት ደግሞ ማንም የለም።

«እኔም» አለች፣ እንባዋም ቀደማት።

«ይኼ ሁሉ መሽቶ እንዴት አደርሽ ነው?» አለ ረዳቱና በሩን ዘግቶ ሄደ።

ልጁ ወንበሩን አጥፎ ብብቱ ስር አደረገው፣ እሷ ሻንጣውን ያዘች። የበሩ ጥበቃ ሲያያቸው እንደ ልማዱ ወደ ሰማይ ሊያንጋጥጥ ሲል «ተፈቅዷል» አለችው።

ጥበቃው ግራ ቀኙን አየና ወደ ልጁ ተጠጋ።

«በግራ በኩል፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው» አለው በአንድ ትንፋሽ። «የኬሚስትሪ ላብራቶሪው።»