ሰው የሌለበት ፎቶ

ጋሽ ባቡር ሚስቱን ይወድ ነበር። ኋላ እንዳይታማ ይህን አስቀድመን እንናገር። ስሙን ያወጡለት የሰፈር ልጆች ናቸው። ሥራው መነጽር መሸጥ ነው፤ ሱቁን የሚዘጋው ግን ለባቡር ነው። እረፍት ባገኘ ቁጥር ካሜራውን አንጠልጥሎ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ይዞራል። ሰው ሁሉ በባቡር የሚሳፈረው አገር ለማየት ነው፤ እሱ አገር የሚያቋርጠው ባቡር ለማየት ነው።

እንደሱ ባቡር የሚያሳድዱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም የየራሱ አመል አለው። የሱ አመል ፎቶው ውስጥ ሰው ድርሽ እንዳይል ነው። ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ የሰው ክርን እንኳ ከገባበት ፎቶውን ያጠፋዋል። «ባቡር ከነሰዉ ካነሳህማ የሠርግ ፎቶ አንሺ ሆንክ» ይላል። እናም በትዳር ዘመናቸው ሁሉ፣ በየጣቢያው፣ ለሚስቱ የሚላት አንድ ነገር ነበር፤ «ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ።» እሷም ፈቀቅ ትላለች። የሳሎናቸው ግድግዳ በባቡር ተሞልቷል። የሠርጋቸው አልበም ቤት ሲቀይሩ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ የሷ ፎቶ የሚባል ነገር እዚያ ቤት የለም።

ዘንድሮ ሻንጣ ሲያዘጋጁ ታዲያ ሚስትየው ቆረጠች።

«አንድ ፎቶ እፈልጋለሁ። እኔና ባቡር።»

«አንቺ ደግሞ! አነሳሻለሁ አልኩ እኮ።»

«ስትል ኖረህ የለ! እኔ ስሞት ምን ልትሰቅል ነው፣ የባቡር ጭራ?»

ሳቀ። በመጨረሻው ጣቢያ አነሳሻለሁ ብሎ ማለላት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ነገሩ ሆዷ ገብቶ ነበር።

የመጀመሪያው ጣቢያ አግዳሚው ቀለሙ የተላጠ፣ ጣሪያው ላይ ርግቦች የሰፈሩበት ነበር። ተሳፋሪውን አራግፎ ባዶውን ወደ ማደሪያው የሚመለስ አረንጓዴ ባቡር ሲመጣ «ፈቀቅ በይልኝ» አላት፤ ብርቱካኗን ይዛ ከኋላው ወዳለው አግዳሚ ሄደች። አንስቶ ሲያበቃ ፎቶውን በካሜራው ስክሪን ተመለከተ። ሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ፣ መስኮቱ ጋ፣ ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ሴት ተቀምጣለች።

ዞር አለ። ሚስቱ ቢጫ ሻርፗን እንዳደረገች ብርቱካን እየላጠች ነው።

«ነይ እስቲ እይልኝ፣ አንቺን የመሰለች!»

አጎንብሳ ደጋግማ አየች። «መሰለች? እኔ ነኝ እንጂ» አለች ቀስ ብላ። «አምሮብኛል። ተወው፣ አታጥፋው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ ካሜራውን ይወረውር ነበር። እሱን ያናደደው የፎቶው መበላሸት ነው። መስታወቱ ላይ ያረፈ ነጸብራቅ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው፤ እሷ ተናግራ ሳትጨርስ አጥፍቶታል።

በሚቀጥለው ጣቢያ ሻይ ቤት ገቡ። አስተናጋጇ አንድ ሻይ ብቻ ይዛ መጣች።

«ለሷስ?» አላት ጋሽ ባቡር።

«ለማን?» አለችና ወንበሩን ትክ ብላ ስታይ ክው አለች። «ውይ፣ ይቅርታ እናቴ! እዚህ መቀመጥዎን አላየሁም እኮ።»

ሚስትየው እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየቻቸው። «በርዶኛል» አለች ብቻ። ጋሽ ባቡር ኮቱን አውልቆ አለበሳት፤ ይወዳታል ብለናል። ሌላ ባዶ ባቡር ሲመጣ ግን ጥሏት ሮጠ። በዚያኛውም ፎቶ፣ ማንም ባልነበረበት ፉርጎ ውስጥ፣ የሱን ኮት ደርባ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ነበር። አሁን ነጸብራቅ ነው ማለት አልቻለም። ቆሌው ተገፈፈ። አጠፋው፤ ካጠፋው ነገሩ የሚቀር መስሎት ነበር። ለሷ ምንም አልነገራትም።

ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ለመጨረሻው ጣቢያ ነው። እዚያ ዕድሜ የጠገበ ጥቁር የእንፋሎት ባቡር አለ፤ ለጎብኚ ሲባል አልፎ አልፎ ከመጋዘኑ ያወጡታል። ጭሱን እየተፋ ብቅ ሲል ሚስትየው የሱን ኮት እንደደረበች ሻርፗን አስተካክላ መሳፈሪያው ጠርዝ ላይ ቆመች። ጋሽ ባቡር ቀና ብሎ ሲያያት ከኋላዋ ያለው ጡብ በፊቷ በኩል የሚታይ መሰለው። ፈራ። ካሜራውን ጥሎ እቅፍ ሊያደርጋት አሰበ፤ ከልቡ አሰበ። ግን ብርሃኑ ልክ ነበር፣ መሳፈሪያውም ባዶ።

«አንዴ ብቻ ባዶውን ላንሳ፣ ከዚያ አንቺን። በናትሽ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ።»

«ቃልህስ?»

«አንዴ ብቻ!»

ዓይን ዓይኑን አየችው። «እሺ» አለችና ወደ አግዳሚው ፈቀቅ አለች።

አነሳ። መስኮቱ ውስጥ ነበረች፤ አሁን ግን ወደሱ አታይም፣ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ሰው ባየ ቁጥር ማጥፋት የለመደ ጣቱ ከልቡ ቀድሞ አጠፋት።

«ነይ! ነይ፣ አሁን ተራሽ ነው!»

አግዳሚው ላይ ኮቱ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሌላ ማንም የለም።

የጣቢያው ኃላፊ ደግ ሰው ነበር። «አይዞዎት አባቴ፣ ባለቤትዎ የት ይሄዳሉ? ፎቷቸውን ያሳዩኝና ሠራተኛው ሁሉ ይፈልጋቸዋል» አለው። ጋሽ ባቡር ካሜራውን ከፈተ። ባቡር፣ ባቡር፣ ባቡር። ስልኩን ከፈተ፤ ያም ባቡር።

«እንዴት፣ አንድ እንኳ?» አለ ኃላፊው።

ጋሽ ባቡር እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ይህን ጊዜ የመንገደኛ ባቡር ገባ። በሮቹ ተከፍተው ሕዝቡ ግር ብሎ ወረደ፤ የሰዉ ሻንጣ የሱን ትከሻ እየገጨ ያልፋል። ጋሽ ባቡር ዘሎ ተነሳና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፍለጋ ካሜራውን ደገነ። «ፈቀቅ አትበይ! ፈቀቅ አትበይብኝ!» እያለ እየጮኸ አነሳ፤ መስኮቱን ሁሉ፣ በሩን ሁሉ፣ የሚተራመሰውን ሕዝብ ሁሉ። ከዚያ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ።

ሁሉም ጥርት ብለው ወጥተዋል። ባቡሩ አለ፣ አግዳሚው አለ፣ ኮቱም አለ። ሰው ግን አንድም የለም።