ለአምባው ዝማሜ የሚሆን ሌንስ

...ከዓይን አስቀድሞ ብርሃንን የፈጠረ፣ ሳይታይ የሚያይ፣ ሳይለመን የሚሰጥ እግዚአብሔር ስሙ ይመስገን፣ ምርጫዬንም እርሱ ያቅናልኝ፣ እነሆ ሁለት ሌንስ በነጠላዬ ጫፍ ታቅፌ በኮኪት ሚካኤል ደጅ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር ተቀምጫለሁ፣ አጫጭር፣ ጥቋቁር፣ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ፣ አንዱ ሰፊውን የሚያይ፣ ሌላው ሩቁን የሚያቀርብ፣ አንዱ እዚህ ይቀራል፣ አንዱ በሾፌሩ በደሴ አይሱዙ ወደ ጎንደር ይመለሳል፣ ባለቤቱ ሁለቱን የላከው ሞክረን አንዱን እንድናስቀር ነው፣ ሌላውን ሰርግ ይጠብቀዋል። እኔ ደረበ፣ የአቋቋም መምህር፣ ሌንስ መራጭ ሆንሁ። በስተርጅና ሰው ስለ ምኑ የማይጠየቀው አለ።

ደሴ ጡሩምባውን ይነፋል፣ የኔታ፣ ኸላስ፣ ጨረስን በሉኝ እንጂ፣ ኬላው ላይ ሰሊጥ የጫነ ሁሉ ሳይሰለፍ ልለፍ፣ አንዱን ወርውሩልኝ። ሌንስ አይወረወርም ትለዋለች ልጄ ውቢት። እንግዲያው እንደ ሙሽራ ጋቢና አስቀምጣታለሁ፣ ይላል፣ ይስቃል፣ አጥሩን ተደግፈው የሚያዩን የጎጃም አጫጆችም አብረውት ይስቃሉ፣ እኔ ግን አልቸኩልም፣ ነገሩ የአምባው ነገር ነው።

አምባው፣ የማሕሌት ባልንጀራዬ፣ ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ወደ ማኅበረ ሥላሴ ይገባል፣ ወስኗል፣ ሴት ልጅ በማትደርስበት ገዳም ውቢት ካሜራ ይዛ አትከተለውም፣ እርሱም ከገባ አይወጣም፣ ስለዚህ የዘንድሮው ማሕሌት የመጨረሻው ነው፣ ያ ዝማሜው፣ መቋሚያውን ከፍ አድርጎ ሲያወርድ የእጁ አንጓ ላይ የምትታጠፈዋ ነገር፣ ውሃ ድንጋይ እንደሚዞር፣ ከእርሱ በቀር ማንም የለውም፣ እኔ በቃል እነግራቸዋለሁ፣ እጄ ግን አያደርገውም፣ ተማሪዎቼ ይሞክሩታል፣ ሁልጊዜ ይዘገያሉ፣ ከዜማው ኋላ ይቀራሉ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ሳይቀረጽ ከገባ አብሮት ገባ ማለት ነው።

ውቢት ሁሉን አስረድታኛለች፣ ጎንደር ተቀምጣ በፊልም ሥራ ትተዳደራለች፣ ልጅ አባቱን ሲያስተምር ደስ ይላል። እያንዳንዱ አንድ ርቀት ብቻ የሚያውቅ የሌንስ ሳጥን ላመጣ ነበር፣ ጨለማ ላይ እነዚያ ይበረታሉ፣ አለችኝ፣ ግን ሌንስ በተለወጠ ቁጥር የካሜራው አፍ ይከፈታል፣ የዚህ አገር የሰሊጥ ገለባና አቧራ ደግሞ ክፍት አፍ ይወዳል፣ ማሕሌቱስ እኔ ሌንስ እስክለውጥ ቆሞ ይጠብቀኛል ወይ። ትላልቆቹ ዙሞች ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋሉ፣ እኔ አንዲት ትከሻ ነኝ። የፎቶውስ ዙም አልኋት፣ ጠየቅሁ እንጂ፣ እርሱ ሲሳብ ይጨልማል፣ ሥዕሉም ይደበዝዛል አባባ፣ የሲኒማው ግን፣ እንደነዚህ እንደ ሁለቱ፣ ቢቀርብም ቢርቅም ብርሃኑንና ጥራቱን ይዞ ይሄዳል። ይህስ ገባኝ፣ ከግዕዝ ወደ ዕዝል ሲሻገር ድምፁ የማይሰበርበት ባለ ዜማ ማለት ነው፣ እንዲህ ያለው ጥቂት ነው።

ከሴቶች መቆሚያ ነው የምትቀርጸው። አለቃን ላስፈቅድልሽና ቅኔ ማሕሌቱ መካከል ግቢ ብላት አይሆንም አለች፣ እርስዎ ያስተማሩኝን ሥርዓት እኔው ላፍርሰው አባባ፣ ዙም የተሠራው እግር በማይደርስበት እንዲደርስ አይደል። ይህን ስትል ዞር ብዬ ጋቢዬን አስተካከልሁ። ጋቢዬ ምንም አልሆነም ነበር።

ጠዋት ሞከርነው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ባዶው ቅኔ ማሕሌት ውስጥ፣ አምባውን ከቦታው አቆምነው፣ እኔም ከትይዩው ቆምሁ፣ ሽማግሌው ቀልዱ አይጠፋም፣ ምነው፣ ፎቶ የምነሣው ልዳር ነው ወይ አለ፣ ማን ያገባሃል አልሁት፣ ገዳም፣ እርሷ ጥሎሽ አትጠይቅም። ከዚያ ውቢት ሩቅ አቅራቢውን ሳበች፣ መጥታ ስታሳየኝ አንጓው የካሜራውን መስታወት ሞልቶታል፣ ሥሩ፣ የቆዳው መስመር፣ የመቋሚያው አንገት በጣቶቹ መካከል ሲዞር፣ እግዚኦ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ፊት ለፊቱ ቆሜ እንዲህ አላየሁትም፣ ይኸኛው ነው፣ ይኸው ይቅር አልሁ። ሌላም ያስደሰተኝ ነገር አለ፣ ከእርሱ ትይዩ የምቆመው እኔ በዚህ አልታይም፣ ይሻላል፣ አፈር የሚጠብቀው ፊት በሥዕል መቅረት ምን ያደርግለታል፣ ውዳሴ ከንቱ ነው፣ ሰፊው ይሂድ፣ እርሱ እኔንም ያስገባኛል። አሁንም ያው ነኝ፣ ሰፊውን አንሥቼ ለደሴ ልሰጥ ነው።

አምባው ይመጣል፣ በመቋሚያው እየተመረኮዘ፣ እስቲ የጠዋቱን አሳዪኝ ልጄ፣ ውቢት መስታወቱን ታቀርብለታለች፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ ያያል፣ እንደገና ያያል። ይህ እጅ ማንን እያየ ነው፣ ይላል። ያንተ እጅ ነው እኮ እለዋለሁ። የእኔ መሆኑን አጣሁት ወይ፣ ብቻውን ግን ዝንብ የሚያባርር ይመስላል፣ አንተ የታለህ። እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ እለዋለሁ። ትከሻህ ሲወርድ አይደል መቋሚያውን የማዞረው፣ ይለኛል፣ ሁልጊዜ፣ የግራው ትከሻህ፣ ከሁሉ ቀድሞ ትንሽ ይወርዳል፣ ያንን አይቼ እጄን አጥፋለሁ፣ ጠዋትም እዚያው ቆመህልኝ ስለነበር ነው የሆነልኝ።

ትከሻዬ። እኔ ትከሻዬ እንደሚወርድ አላውቅም፣ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ እጁን እዩ፣ እጁን እዩ እያልሁ ነው ያስተማርሁ፣ እጁን ሲያዩ ጊዜው ያልፋቸዋል፣ ለካ መነሻው ከወዲህ ነው፣ ከእኔ፣ ሁለት ረድፍ ሆኖ መቆም ለምን እንደተሠራ ስተረጉም የኖርሁ እኔው አንዱን ረድፍ ልቆርጠው ነበር፣ ያውም ትሕትና ነው ብዬ።

እንዲያው ትንሽ እከራከራለሁ፣ የእኔ መታየት ይቅር አምባው፣ ለነፍሴ አይበጃትም፣ እርሱም ይለኛል፣ ትሕትናህን ስጠኝና ገዳም ይዤልህ ልግባ፣ ትከሻህን ግን ለልጆቹ ተውላቸው። ውቢት ከት ብላ ትስቃለች፣ ሰፊውን ከእጄ ወስዳ ካሜራው ላይ ትገጥማለች፣ ወደ ሴቶች መቆሚያ ትመለሳለች፣ እኛም ወደ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ወደ ቦታችን፣ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ታዞራለች፣ መጥታ ታሳየናለች፣ አምባው ከጉልበቱ በላይ፣ በዳር የእኔ ትከሻ። አንጓው አነሰ፣ ሥሩ አይታይም፣ ያ ውበት ቀረ፣ ይቆጨኛል፣ አልዋሽም፣ ነገር ግን እጁ ለምን እንደሚዞር ይታያል፣ የሚማር ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ሩቅ አቅራቢውን በነጠላዬ ጠርጌ ለደሴ እሰጠዋለሁ፣ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ የኔታ ሙሽራዋን በደህና አደርሳታለሁ፣ ይባርኩኝ፣ እባርከዋለሁ፣ አይሱዙው አቧራውን አስነሥቶ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ደግመን እንሞክር ትላለች ውቢት። እንቆማለን። አንድ ሥጋት ይመጣብኛል፣ አሁን ስላወቅሁት ትከሻዬ ይደርቅ ይሆን፣ ላድርግ ብዬ ባደርገው ይበላሽ ይሆን፣ አምባው ከማዶ ያየኛል፣ አታስብበት፣ ዜማውን ብቻ ያዝ፣ ይለኛል፣ ዜማውን እይዛለሁ፣ ማሰቡን እተወዋለሁ፣ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም፣ መቋሚያው ግን ዞረ፣ ውሃ ድንጋይ እንደሚዞር፣ ልክ በጊዜው።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ ሳታውቁ የምትሠሩትን በጎ ነገር የሚያይላችሁ ወንድም ትይዩአችሁ ይቁም፣ እናንተም ለሌላው ቁሙለት፣ ሥላሴ በረድፋችሁ ያጽናችሁ፣ አሜን።