ያጠበቅኳት ብሎን

ልጄ ጊታር የምትጫወትበት አምፕሊፋየር ከጥገና ከተመለሰ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እኔ ደግሞ አቧራ ካየሁ እጄ አያርፍም። ጀርባውን ስወለውል በአንዲት ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ብሎን አየሁ። የላላች መሰለኝ። የበር ማጠፊያ ይሁን የድስት እጀታ፣ ቤቴ ውስጥ የላላ ነገር ሁሉ የሚጠብቀው በእኔ ቢላዋ ጫፍ ነው። እሷንም እምቢ እስክትል አዞርኳት። አጠገቧ የነበረችውን ቀይ መስመር እድፍ ናት ብዬ በእርጥብ ጨርቅ አጠፋኋት።

በማግስቱ ልጄ ስትለማመድ፣ ከኋላ ያሉት አምፖል የመሰሉ ቫልቮች እንደ ፍም ቀሉ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ሮጣ ሶኬቱን ነቀለችው።

"ምን አድርጎ ነው የሠራው ይሄ ሰውዬ!" አለች።

ብሎኗ ትዝ አለችኝ። አፌ ግን አልተከፈተም። ቅዳሜ ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጫወትበት ቀን ነው።

በነጋታው ግራና ቀኝ ይዘን ወደ ጥገና ሱቁ ወሰድነው። ባለሙያው ጸጉሩ የሸበተ፣ ልጄን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጊታር እንድትይዝ ያደፋፈራት ሰው ነው።

"ጋሼ፣ ሰሞኑን ዐይንዎ ደክሟል መሰለኝ" አለችው።

"ዐይኔ እንኳ የአንቺን ኩርፊያ ከሩቅ ያያል። ይልቅ ማን ነካካው?"

"ማንም! ቤት ውስጥ እኔና እማዬ ብቻ ነን። እማዬ ደግሞ ሳትጠይቀኝ የጊታሬን ክር እንኳ አትነካም።"

ምነው ይህን ባላለችልኝ።

የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አገናኝቶ ለአፍታ ከፈተውና ቶሎ አጠፋው። "ስልሳ ሁለት! ሠላሳ አምስት ላይ ነበር የተውኩት። ይህች ብሎን ለቫልቮቹ ኤሌክትሪክ የምትመጥን ናት፤ ከበዛባቸው ሳይጫወቱባቸውም ይቃጠላሉ።" ቀይ መስመሯን ፈለገ፤ አጣት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና ፈለገ። "ምልክት ያደረግኩ መስሎኝ ነበር... እንጃ፣ አርጅቻለሁ መሰለኝ።"

"ሌላ ቦታ ብወስደው ይሻለኝ ነበር" አለች ልጄ።

እሱ ከመደርደሪያው በጥጥ የተጠቀለሉ ሁለት ቫልቮች አወረደ። "ለራሴ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ አስገባልሻለሁ፤ ቅዳሜ እንዳታፍሪ።"

ጥጡን መፍታት ጀመረ።

"ወንድሜ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምኑን?"

"ብሎኗን። በቢላዋ ያጠበቅኳት እኔ ነኝ። ምልክቷንም እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ቫልቮቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "በምን ቢላዋ?"

"በሽንኩርት መክተፊያው።"

"ለዚህ ነዋ ሁላችንን ሊያስለቅሰን የነበረው!" ብሎ ሳቀ።

ልጄ አልሳቀችም። "ትናንት ቫልቮቹ ሲቀሉ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

ባለሙያው አዲሶቹን ቫልቮች አስገብቶ ካቻቢቴውን አነሳ። "እናት፣ ቁጥር ያነባሉ?"

"ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ገብቻለሁ።"

"እንግዲያው ቴስተሩን ያንብቡልኝ።"

እሱ ብሎኗን በጣም ቀስ እያለ ሲያዞር እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አምስት። እጁን አነሳ፤ ቫልቮቹ እስኪሞቁ ጠበቅን። ሠላሳ ሰባት ሲሆን ደነገጥኩ፤ እሱ ግን ትንሽ መልሶ ሠላሳ አምስት ላይ አቆመውና አዲስ ቀይ መስመር አሰመረ።

ስንወጣ ልጄ በሩ ላይ ቆመች። "ጋሼ፣ ስለተናገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብላ ጎንበስ አለች። እኔ ባመጣሁት ጣጣ አንገቷን ደፋች።

አምፕሊፋየሩን ግራና ቀኝ ይዘን መንገድ ገባን። እንዳይከብዳት ቀስ ብዬ ወደ እኔ አዘነበልኩት። እሷም ፊቷን ሳታዞር፣ ክብደቱ እኩል እንዲደርሰን መልሳ አስተካከለችው።