የመስኮቱ ቤተሰብ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት «ተኳሿ» እያለ ነው። ከሸሚዝ ኮሌታና ከሱሪ በቀር በሕይወቷ የተኮሰችው ነገር የለም፤ ቅጽል ስሙ ግን ተለጥፎባት ቀረ። ባሏ እንኳ ስታኮርፍ ሲያያት «ተጠንቀቁ፣ ተኳሿ ናት» ይላል። የምትሠራው በባሏ ታላቅ እህት ላውንደሪ ውስጥ ነው። እትዬ ከፊት ሆነው ደንበኛ ይቀበላሉ፤ እሷ ከኋላ ካውያዋን ይዛ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ስትቀቀል ትውላለች።

በዓሉ ሲቃረብ በመንገዱ ላይ ያሉት ሱቆች መስኮታቸውን ማስጌጥ ጀመሩ። ፊት ለፊት ያለው ኬክ ቤትማ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ከላይ እስከ ታች ለቀቀበት። እትዬ ያንን መብራት ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። አንድ ቀን ጠዋት አላስቻላቸውም።

«የኛ መስኮት ለቅሶ ቤት መሰለ እኮ! አንድ ነገር አድርጊበት እንጂ!»

«እሺ እትዬ፣ ምን ልግዛ?»

«መግዛት ማን አለሽ? እጅ የለሽም? ቤት ባለው ነገር ሥሪ!»

ተኳሿ ነገሩን ዋጥ አደረገችና ከቤቷ ያመጣችውን ቀይ መጠቅለያ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች ኮከብ ሠራች። በፕላስተር መስታወቱ ላይ ስትለጥፋቸው ያምሩ ነበር። ካውያው መጋል ሲጀምር ግን እንፋሎቱ መስታወቱን ጉም አስመሰለው፤ ኮከቦቹ እንደ ፍየል ጆሮ ተንጠለጠሉ፤ ፕላስተሩም አንድ በአንድ እየለቀቀ ወደ ታች አወረዳቸው። የመጨረሻው ኮከብ ያረፈው የአንድ ደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ላይ ነው። ቀለሙን ለቀቀበት።

«አስጊጪ አልኩሽ እንጂ አቆሽሺ አልኩሽ?» አሉ እትዬ።

ሸሚዙን እንደገና ስታጥብ ቆሽቷ አረረ። እጇን በፎጣ እያደራረቀች ቀና ስትል ዓይኗ ከኋላው መደርደሪያ ላይ አረፈ። ሰዎች ለማሳጠብ አምጥተው ሳይወስዱ የቀሩ ልብሶች እዚያ ተከምረዋል። እትዬ ለባለቤቶቹ ደውለው ደውለው ሰልችቷቸዋል። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣላት።

የሽቦ መስቀያዎችን በፒንሳ እየቆለመመች የአሻንጉሊቶች ትከሻና ክንድ አበጀች። ሆድ ዕቃቸውን በአሮጌ ጋዜጣ ሞላች፤ ከተቀደደ የትራስ ልብስ ጭንቅላት ሰፋችላቸውና የተረሱትን ልብሶች አለበሰቻቸው። ሽቦው ጣቶቿን ቧጨራት። አባት ያደረገችው አሻንጉሊት ደግሞ ባስቀመጠችው ቁጥር በግንባሩ ይደፋል፤ እንደ ምንም ብላ በገመድ ከወንበሩ ጋር አሰረችው። ስትጨርስ አንድ ሙሉ ቤተሰብ በመስኮቱ ውስጥ ተሰይሟል፤ አባት በግራጫ ካፖርት፣ እናት በአረንጓዴ ቀሚስ፣ አያት በወፍራም ሹራብ፣ ከመሃላቸው ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሕፃን። ነጭ አንሶላ የለበሰው የድሮ የካውያ ጠረጴዛ ገበታ ሆኗቸዋል።

መንገደኛው ቆሞ ያይ ጀመር። የኬክ ቤቱ አስተናጋጆች ሳይቀሩ ወጥተው አዩ። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ደስታዋ ግን ምሳ ሰዓት እንኳ አልደረሰም፤ አንድ ጡረተኛ በሩን በርግደው ገቡ።

«ያ ሰውዬ የኔን ካፖርት ለብሶ ምን ይሠራል?»

«የቱ ሰውዬ?» አለች ተኳሿ።

«ያ መስኮቱ ላይ የተጎለተው ነዋ! እኔ ካፖርቴን የሚስቴ ወንድም ቤት ትቼው ካደኝ ብዬ፣ ከሰውዬው ጋር ሰላምታ ካቆምን ስንት ዘመናችን!»

«ታዲያ እዚህ ማምጣትዎን እንዴት ረሱት?»

«እንዴት እንደረሳሁትማ ባውቅ መቼ እረሳው ነበር?»

እትዬ የዕጥበቱን ሒሳብ እየተቀበሉ «አውልቂላቸው» አሉ። ተኳሿ መንገደኛው እያየ አባትየውን ገፈፈችው። የጋዜጣ ሆዱ ተዘርግፎ ቀረ። ጥርሷን ነክሳ ከመደርደሪያው የዝናብ ልብስ አምጥታ አለበሰችው።

በማግሥቱ በአቅራቢያው ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ከእህቷ ጋር በመስኮቱ በኩል ስታልፍ እህትየው ቀጥ ብላ ቆመች።

«አንቺ! ያ አረንጓዴ ቀሚሴ አይደለም? መልሼልሻለሁ ብለሽ ምለሽ አልነበረም እንዴ?»

እየተጨቃጨቁ ገቡ፣ ቀሚሱን ይዘው እየተጨቃጨቁ ወጡ። ከዚያ በኋላ ወሬው ተዛመተ። ሰው ለማድነቅ መቆሙን ተወና የጠፋበትን ልብስ ፍለጋ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ይለጥፍ ጀመር። የሹራቡ ባለቤት መጣ። የቀይ ቀሚሱ ባለቤት ከነእናቷ መጣች፤ ልጅቷ አሁን እናቷን በቁመት በልጣለች፤ እናትየው ግን «ትዝታ ነው» ብላ ወሰደችው። የዝናብ ልብሱም ሄደ። ተኳሿ አንዱን ስታለብስ ሌላው ይወልቃል። ካውያውን ትታ ልብስ ስታወልቅ በመዋሏ የሚተኮሰው ተቆልሎ ጠበቃት።

እትዬ ባዶውን መደርደሪያ እየወለወሉ ያንጎራጉራሉ።

«እኔ በስልክ ለምኜ ያላመጣኋቸውን አንቺ በአሻንጉሊት ጠራሻቸው!»

«እትዬ፣ እኔ መስኮት ነው ያስጌጥኩት! ነገ በዓል ነው፣ የቀረን ሽቦ ብቻ ነው። ሰው ምን ይለናል?»

«ታዲያ ሌላ አልብሻቸዋ» አሉና ዘንቢላቸውን ይዘው ወጡ።

ተኳሿ እልህ ያዛት። ቤቷ ሄዳ የራሷን የክት ቀሚስና የባሏን ሰማያዊ ኮት ይዛ ተመለሰች። ኮቱን ለሠርጉ ያመጡለት እትዬ ናቸው፤ እሱም ከበዓል በቀር አይለብሰውም። ለነገ እስኪፈለግ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጥ ምን ይሆናል ብላ አለበሰችው። ባልና ሚስቱ እንደገና ሰው መሰሉ።

እትዬ ሲመለሱ ዘንቢሉን እንኳ ሳያስቀምጡ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ይሄን ኮት ማን አምጪ አለሽ?»

«የራሳችን ነው፣ ማንም አይመጣበትም።»

«አውልቂው!»

«ለምን?»

«አቧራ ይጠጣል! አውልቂው ስልሽ!»

«አላወልቅም» አለች ተኳሿ። እትዬን እንዲህ ብላ መልሳላቸው አታውቅም። «ከዚህ መስኮት ላይ ያልወለቀ የለም። ይሄ ግን አይወልቅም።»

እሰጥ አገባው ሳያልቅ አንድ ጎልማሳ ሰው ገባ። እዚህ ለዕጥበት ልብስ ሰጥቶ ለሥራ ርቆ ሄዶ ገና መመለሱ እንደሆነ ተናገረና «ይቅርታ፣ ያ ሰማያዊ ኮት የኔ ነው» አለ።

«የባሌ ነው!» አለች ተኳሿ።

«የግራ እጅጌው ገበር ውስጥ በቢጫ ክር የተሰፋ ቦታ አለ። እናቴ ናት፤ ጥቁር ክር አጥታ።»

ማየት አላስፈለጋትም። ያንን ቢጫ ክር በየበዓሉ በካውያ ስታልፍበት «የቱ ሰፊ ይሆን እንዲህ የቀለደው» እያለች ስቃበታለች። ዞር ብላ እትዬን አየቻቸው። እትዬ የታጠፈ አንሶላ ዘርግተው እንደገና እያጠፉ ነበር።

«እትዬ፣ ለሠርጉ ገዛሁለት አላሉም?»

«ገዛሁ አላልኩም» አሉ ቀና ሳይሉ። «‹አመጣሁልህ› ነው ያልኩት።»

ሰውዬው ኮቱን ለካው። ሆዱ ላይ አልቆለፍ አለው። ተኳሿ በዚህች ትንሽ ተስፋ አደረገች።

«ጠቦዎታል» አለችው።

«ግድ የለም፣ ለልጄ ይሆነዋል። የአያቱ እጅ አለበት።»

ይዞት ሄደ። እትዬ ሒሳብ አልጠየቁትም። ተኳሿ ቀሚሷን ገፍፋ ነጩን አንሶላ መስታወቱ ላይ ጋረደችና ደህና ዋሉ ሳትል ወደ ቤቷ ሄደች።

ባሏ ይስቃል ብላ ነበር። ነገሩን ስትነግረው ግን «እኔ እኮ እህቴ ሳትለካኝ ልኬን ማወቋ ነበር የሚገርመኝ» አለ። እሱን ስታይ በእትዬ ላይ የነበራት ንዴት እንደ አዲስ ፈላ። ያንን መስኮት የነካችበትን ቀን ረገመች።

በበዓሉ ቀን ግን እትዬ ቤት መሄድ አይቀርም፤ ሄዱ። እሱ ሹራብ ለብሷል። እትዬ በሩን ሲከፍቱ ዓይናቸው ሹራቡ ላይ ቀረ። ወንድማቸውን ከሁሉም በፊት አስቀመጡት፤ ሳህኑ ሳይጎድል ደጋግመው ጨመሩለት። እሱም አንገቱን ደፍቶ በላ። በመጨረሻ ጭልፋውን እንደያዙ ቆሙ።

«ከበዓሉ በኋላ ልብስ ሰፊው ጋ እንሄዳለን» አሉ። «በልክህ ይሰፋልሃል።»

«አዲስ?»

«አዲስ እንጂ! በቁሜ ልትገድለኝ ነው?»

ባሏ ፈገግ አለ፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። የተኳሿ ትከሻም ትንሽ ወረድ አለ። እትዬ ይሄን አይተው ልባቸው ሞላ መሰል ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺ ደግሞ ነገ ጠዋት ቀደም ብለሽ ነዪ። እነዚያን ሽቦዎች አቃንተሽ መልሺልኝ፣ መስቀያ አልቆብናል።»

ባሏ ከጠረጴዛው ሥር እጇን ያዝ አደረጋት። ተኳሿ ጉርሻዋን ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠች።

«ፒንሳው መሳቢያው ውስጥ ነው» አለች። «እርስዎ ይጀምሩት፣ እኔ እደርሳለሁ።»