አድራሻው ያልተሟላ ደብዳቤ

ቨርና የመብራት ሂሳቦቹን በየሳጥኑ እያደለች ሳለ አንድ ሰማያዊ ፖስታ ከመሐል ሾልኮ እግሯ ሥር ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል ጽሑፉን አየችና ወገቧ እንደታጠፈ ቀረች። የልጇ የትሪና የእጅ ጽሑፍ ነበር። «ለካሲዲ» ይላል፤ ቨርና ለምታሳድጋት ለትሪና ልጅ። ከስሙ ሥር የመንገዱ ስምና የቤቱ ቁጥር አለ። ከዚያ በታች ደግሞ ትሪና እስከ ዛሬ አንድም ቀን ጽፋው የማታውቀው ነገር አለ፦ የፖስታ ሣጥን ቁጥር 38።

ጉልበቷን ይዛ ቀና አለች። ቅዳሜ ጠዋት ነው። በቅዳሜ የዶብስ ክሪክ ፖስታ ቤት የሚከፈተው ለሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሥራው ፋታ አይሰጥም። እሷ ግን ፖስታውን እንደያዘች ቆመች። ሊጣል እንደማይችል ታውቃለች። ሊመለስም አይችልም። ኪሷ ውስጥ ከተተችው፣ ወዲያው ደግሞ አወጣችው፤ የሰው ደብዳቤ ኪስ መክተት ወንጀል ነው። ከሚዛኑ አጠገብ ጽሑፉን ወደ ታች ደፍታ አስቀመጠችው።

መስኮቱ ተንኳኳ።

«ቨርና፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ? ሦስት ሰዓት ካለፈ አምስት ደቂቃ ሆነው።»

ዴልበርት ነው። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ድሮ ስንዴ ያመርት ነበር፣ አሁን መሬቱን አከራይቶ ጠዋት ጠዋት ሰው ሲያበሽቅ ይውላል። ቨርና መዝጊያውን ወደ ላይ ገፋችው።

«የእርስዎ ሰዓት ነው የሚቸኩለው። ለመሆኑ የት ሊደርሱ ነው?»

«የትም። ግን የትም ላለመሄድም ቢሆን በሰዓቱ ልጀምር። የመጣልኝ ነገር አለ?»

«የጆሮ መስሚያዎ ባትሪ መጥቷል።» ትንሽ ጥቅል አቀበለችው። ዴልበርት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አድራሻውን ወደ ዓይኑ አስጠጋና ሳቀ።

«እይልኝ እስቲ ይቺን የእህቴን ልጅ! ‹ለአጎቴ ዴልበርት፣ ቢጫው ቤት፣ ዶብስ ክሪክ።› ቤቱን ነጭ ያስቀባሁት ባለቤቴ የሞተች ዓመት ነው እኮ። የሳጥን ቁጥርም የለው፣ ምንም የለው።»

«ልጅ ሆና ያየችውን ነው የጻፈችው። እኔ አወቅኩት፣ ይበቃል።»

«ሌላ አገር ቢሆን ይሄኔ ማህተም መትተው መልሰውላት ነበር። አንቺ ግን ስም ካለ ታደርሻለሽ።» ዴልበርት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን ለነዚያ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ጻፊላቸው። የላኩትን ቅጽ ሞላሽ?»

ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ዋናው መሥሪያ ቤት ትንንሾቹን ፖስታ ቤቶች ሊመረምር ስለሆነ ከተማው ስንት ሰው፣ ስንት አባወራ፣ ስንት የተከራየ ሳጥን እንዳለው፣ ነዋሪውም በስንት ዓመት ክልል እንዳለ ተሞልቶ እንዲላክ ጠይቋል። ቨርና ሳምንቱን ሙሉ ሰዉን የቆጠረችው በሳጥኑ ነው። ሳጥን 12 ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሳጥን 15 አንዲት መበለት፣ ከሳጥን 40 እስከ 60 ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ።

«ሁለት መቶ አሥራ አንድ ነን» አለች።

«እኔን እንደ አንድ ሰው ነው የቆጠርሽኝ ወይስ እንደ ግማሽ?»

«በምላስዎ ከሆነ ሦስት ነዎት።»

«ከአሥራ ስምንት በታችስ?»

«አሥራ አራት።»

«የናንተዋ ካሲዲ በነሐሴ ኮሌጅ ስትገባ አሥራ ሦስት» አለና የፊቷን መለወጥ ሲያይ ባትሪውን ኪሱ ከተተ። «በይ ቻው። ያቺ ልጅ ግን ታኮራለች። እንዲህ ያደረግሻት አንቺ ነሽ።»

በሩ ከኋላው እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ ሰማያዊውን ፖስታ ገለበጠችው።

በዶብስ ክሪክ ደብዳቤ በየቤቱ አይታደልም። ሁሉም ሰው ፖስታ ቤቱ መግቢያ ላይ ካሉት ትንንሽ ሳጥኖች አንዱን ተከራይቶ በቁልፉ እየከፈተ ይወስዳል። ደንቡ የሳጥን ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ወደ ላኪው ይመለስ ይላል። በዚህ ከተማ ግን የሳጥን ቁጥር የሚጽፍ ሰው የለም፤ ልማዱም አይደለም። ቁጥር ቢጽፉ ቨርና አታውቀንም ማለት ይመስላቸዋል። እሷም በሃያ ሦስት ዓመት ሥራዋ በዚህ ምክንያት የማንንም ደብዳቤ መልሳ አታውቅም፤ ከአሥራ አንድ በቀር። አሥራ አንዱም የትሪና ናቸው።

የትሪና ነገር ክኒን ነው። ለጀርባ ሕመሟ የታዘዘላት ክኒን ቀስ በቀስ ሰውነቷን ወረሰው። ካሲዲ ስምንት ዓመቷ ሳለ፣ በጥር ብርድ፣ ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ ተኝታ ፖሊስ አገኛት፤ እናቷ ገበያ አዳራሹ መጸዳጃ ውስጥ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር። ቨርና ሦስት ሰዓት ነድታ ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣቻት። ጣቶቿ እስኪሞቁ መንገዱን ሙሉ በአንድ እጇ እያሸች፣ በአንድ እጇ እየነዳች።

ከዚያ የመጀመሪያው ደብዳቤ መጣ። ያንን ሰጠቻት። «ለልደትሽ እመጣለሁ» ይል ነበር። ካሲዲ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ዕለት ጸጉሯን ተሠርታ ከጠዋት ጀምሮ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። የመንገድ መብራት ሲበራም እዚያው ነበረች። ኬኩን አልነካችውም። ለሁለት ወር ያህል አልጋዋን ታረጥብ ነበር፤ ሲያወሯት «እሺ» ብቻ ትላለች።

ሁለተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ቨርና አልከፈተችውም፤ የሰው ደብዳቤ ከፍታ አታውቅም። ውስጡ ምን እንዳለ ግን የምታውቅ መሰላት። የዚያች ልጅ ጀርባ በረንዳው ላይ ታያት። ማህተሙን አነሳችና መታችው፦ አድራሻው አልተሟላም፤ ወደ ላኪው ይመለስ። ደንብ ነው። ማንም አይጠይቃትም። ሦስተኛው ላይ ማህተሙን ሁለት ጊዜ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ስድስተኛውን ወዲያው መታችው።

ትሪና ያ ማህተም በማን እጅ እንደሚመታ ታውቃለች። የሳጥኑን ቁጥርም ታውቃለች፤ ልጅ ሳለች ቁልፉን በጫማ ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ደብዳቤ የምታመጣው እሷ ነበረች። ሁለት አኃዝ ብትጨምር ደንቡ ቨርናን አያግዛትም ነበር። በስምንት ዓመት አሥራ አንድ ጊዜ ስትጽፍ አንድም ጊዜ አልጨመረችም። ቨርና ይህን እልኸኝነት ትለው ነበር። ዛሬ ግን ወረቀቱ እስኪሰረጉድ እስክሪብቶውን ተጭና የጻፈችውን 38 ስታይ ሌላ ነገር ገባት። ትሪና አሥራ አንድ ጊዜ ያንኳኳችው የእናቷን በር ነበር። እንደ ከተማው ሰው ሁሉ በስም ብቻ ታስገባኛለች ብላ። አሁን መለመኑን ትታለች።

የላኪው አድራሻ ሌላ ክፍለ ሀገር ያለ የማታውቀው ከተማ ነው። ዳነች ይሆን? ወይስ ታመመች? እንዴት ቨርና ራሷ አንድ ጊዜ እንኳ ለትሪና አልጻፈችላትም? አንድ ፖስታ፣ አንድ ቴምብር። ሙሉ ቀን ቴምብር የምትሸጥ ሴት።

ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የመግቢያው በር ተከፈተና ነፋሱ ወረቀቶቹን አንሸራተተ። ካሲዲ ነች። ቨርና ፖስታውን በቅጹ ሸፈነችው።

«ጃኬትሽስ?»

«መኪናው ውስጥ ነው።»

«መኪናው ነው እንዴ የሚበርደው? ይሄን ነፋስ እያየሽ! ቁርስ በልተሻል?»

«አያቴ፣ በናትሽ። አንድ ፊርማ ብቻ ነው የምፈልገው።» ካሲዲ በመስኮቱ አንድ ወረቀት አሾለከች። «ኮሌጁ ለትምህርት እርዳታው የወላጅ መረጃ ይፈልጋል። አያት አትቆጠርም አሉ።»

«ዘጠኝ ዓመት ያሳደግኩሽስ ምንሽ ነኝ?»

«ለነሱ ምንም። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ደንቡ ነው።» ልጅቷ ሳቅ አለች። «እና የትምህርት ቤት አማካሪያችን መላ አገኘችልኝ። እናቴ የት እንዳለች እንደማላውቅ እኔ ጽፌ እፈርማለሁ። አንቺ ደግሞ እውነት መሆኑን የምታውቅ ሰው ብለሽ ከሥር ትፈርሚያለሽ። ሰኞ ካልደረሰ ገንዘቡ ለሌላ ሰው ይሄዳል።»

ቨርና መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱ አጭር ነው። መሐሉ ላይ፦ «ከዘጠነኛው ልደቴ ወዲህ እናቴ አንድም ቀን ጽፋልኝ አታውቅም» ይላል።

«ራስሽ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ። አማካሪዋ ስታነበው ዓይኗ እንባ ሞላ። ምን ሆነች ብዬ ደነገጥኩላት።» ካሲዲ ክርኗን መደገፊያው ላይ አሳርፋ ወደ ሳጥኖቹ ተመለከተች። «አሁን ምንም አይመስለኝም፣ እውነቴን ነው። ድሮ ግን ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ እየሮጥኩ ሳጥኑን እከፍት ነበር። ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ ይለኛል።»

«አንቺ ከውስጥ በኩል ሆነሽ እጅሽን ታሾልኪና ከረሜላ ታስቀምጪልኝ ነበር። ባዶ እንዳይሆንብኝ ብለሽ።» ሳቀች። «አምስተኛ ክፍል ስገባ ተውኩት። ከረሜላው ጥርሴንም ጎድቶት ነበር።»

ቨርና እስክሪብቶ ፈለገች። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነበር።

ብትፈርም ማን ይጎዳል? እርዳታው ይፈቀዳል። ልጅቷ ትማራለች። ማክሰኞ ደግሞ ሰማያዊውን ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ትከተዋለች፤ ካሲዲ ታገኘዋለች፤ የመጀመሪያው ይመስላታል። እናቷ ስለ ቀሩት ብትነግራት እንኳ፣ ክኒን አእምሮዋን ያዞረባት ሴት የምትለውን ማን ያምናል? እኔን ታምናለች። ይህ ሐሳብ ራሷን አስደነገጣት። እውነት ነበር፤ እሷን ታምናለች።

ግን ከፈረመችስ? የልጅቷ የመጀመሪያ ትልቅ ወረቀት፣ ስሟ ያለበት፣ ሐሰት ይሆናል። ሐሰቱን የሠራችው ደግሞ አያቷ፤ ልጅቷ ሳታውቅ፣ አምናት።

የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ነካ። አንዲት ነጥብ ጣለች። ከዚያ አነሳችው።

«ምነው? አልታይሽ አለ?»

«ይታየኛል።»

የመስኮቱን መዝጊያ ወደ ታች ሳበችው።

«አያቴ? ገና ሃያ ደቂቃ ይቀርሻል እኮ!» የካሲዲ ድምፅ ከማዶ መጣ። «ሰው ቢመጣስ?»

ቨርና ከቅጹ ሥር ፖስታውን አወጣች። ሳጥን 38 በዚህ በኩል ክፍት ነው፤ እጇን ብትዘረጋ ትደርስበታለች። ልጅቷ ቁልፍ አላት። «ሳጥኑን እስቲ እይው» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ፊት ለፊት ሳትተያይ፣ ግድግዳው በመሐል ሆኖ። እጇ እስከ ሳጥኑ አፍ ሄደ። መለሰችው። በጎን ያለውን በር ከፍታ ወደ መግቢያው ወጣችና ያልተፈረመውን ወረቀትና ፖስታውን አንድ ላይ ለካሲዲ አቀበለቻት።

ካሲዲ ፖስታውን አየችው። ጽሑፉን ለማወቅ ጊዜ ፈጀባት። ከዚያ ፊቷ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ወደ ዘጠኝ ዓመቷ ተመለሰ።

«ይሄ የሷ ነው?»

«አዎ።»

«መቼ መጣ?»

«ዛሬ። አሁን ጠዋት።»

«ዛሬ? ልክ ዛሬ?» ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ ፖስታውን አየች፤ ከዚያ ፈገግታው መጣ። «ልትጽፍልኝ አሰበች ማለት ነው። አያቴ፣ በመጨረሻ ጻፈችልኝ።»

ያንን ፈገግታ ቨርና ብዙ ዓመት አላየችውም ነበር። ዝም ብትል ይቆይላታል። ነፋሱ በሩን እያንገጫገጨ ነው፤ ልጅቷ በሹራብ ብቻ ቆማለች፤ ሄዶ ጃኬቷን ማምጣት፣ ከዚያ በኋላ መናገር ይቻል ነበር።

«በመጨረሻ አይደለም» አለች ቨርና። «ከዘጠነኛው ልደትሽ ወዲህ አሥራ ሁለተኛው ነው። ከዚህ በፊት የመጡትን አሥራ አንዱን በዚህ በእጄ የመለስኳቸው እኔ ነኝ።»