እስከ አገጭ

ሣጥኑን የሠራው ራሱ አናጢው ነው፤ ያውም እርር ድብን እያለ። ታላቅ እህቱ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቋን ከዘጋች ሦስት ወር ሆኗት ነበር። አሁን ደግሞ መሣሪያዎቿን በሙሉ ለሙያ ትምህርት ቤት ልትሰጥ ቆርጣ፣ "ጠንከር ያለ ሣጥን ሥራልኝ፤ አስተማሪው ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ይወስደዋል" አለችው። እሷን እምቢ ማለት አይችልም። እናታቸው ሥራ ውላ እስክትገባ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ ጢሙ ሸብቶም፣ ዛሬም "ጩጬ" ብላ ትጠራዋለች፤ እሱም አቤት ይላል።

ሱቋን የዘጋችው እጇ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከምስር ፍሬ የሚያንሱ ነገሮችን ስትበይድ የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን መበየጃው አምልጧት የደንበኛዋን ሬዲዮ አቃጠለች። ሰውየው ደግ ስለሆነ "ምንም አይደል፣ ድሮም አርጅቶ ነበር" አላት። ቅስሟን የሰበረው ይኸው ቃል ነው። ሐኪሙ "የዕድሜ ነገር ነው፣ ከሥራ አያግድሽም" ቢላትም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ከዚያ ወዲህ መስኮት ሥር ተቀምጣ መንገደኛ ስታይ ትውላለች። አናጢው እንዲህ ሆና ባያት ቁጥር ሆዱ ይባባል። መሣሪያዎቹ ከወጡ ከዚያ ወንበር መቼም እንደማትነሣ ያውቃል።

ስለዚህ ሰኞ ዕለት ዐይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

"እትዬ፣ የጌም ማሽን ልንሠራ ነው።"

"የምን?"

"የጌም ማሽን! ያኔ ሰፈራችን ጌም ቤት የነበረውን። ልክ እሱን። እንጨቱ የኔ፣ ሽቦው ያንቺ።"

"አንተ ልጅ፣ አመመህ እንዴ? እጄን እያየኸው?"

"የጨዋታውን ካርድ ገዝቻለሁ፤ ስክሪን ያ አሮጌ ቴሌቪዥንሽ ይሆናል። አሥር ነጥብ ብቻ እኮ ነው የሚበየደው። ለጆይስቲኩ ስምንት፣ ለመተኮሻው በተን ሁለት። ካልሆነ ግዴለም፣ እኔው እሞክረዋለሁ።"

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ተንኮል ናት። አናጢው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ መበየጃ ጨብጧል፤ ያን ቀን የሱሪውን ጉልበት በስቶ የጠረጴዛዋን ልብስ አንድዶባታል።

"አንተማ ቤቱን ታጋየዋለህ" አለች ብድግ ብላ። "በል ሣጥኑን ክፈትና መበየጃውንና ካቻቢቴውን ብቻ አውጣ። ሥራው ሲያልቅ ተመልሰው ይገባሉ። ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ" አለ፣ ልቡ ቅቤ እየጠጣ።

በተዘጋው ሱቅ ውስጥ መጋዝና ብርጭቆ ወረቀት ገባ። ከሁሉ በፊት ልኩ መገኘት ነበረበት። አናጢው የሚያውቀውን ዕቃ በሜትር አይለካም፤ ኩራቱ ነው። ወንበርን በጉልበቱ፣ ጠረጴዛን በወገቡ ነው የሚለካው፤ ስቶም አያውቅም። ያንን ማሽን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። መንጃው ዱላ፣ ጆይስቲኩ፣ የተተከለበት ገበታ እስከ አገጩ ይደርስ ነበር። የለስላሳ ሣጥን ላይ ቆሞ ጆይስቲኩን በሁለት እጁ ይይዛል፤ እህቱ ከኋላው በትከሻው ላይ እጇን አሳልፋ ትተኩስለታለች፤ ሁለቱ አንድ ተጫዋች ነበሩ። ይህን እያሰበ፣ ፈገግ እንዳለ፣ ኮምፔንሳቶውን ግድግዳ ላይ አቆመና ተጠግቶ አገጩ የደረሰበት ላይ በእርሳስ አሰመረ። ከዚያም ቆረጠ። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ማሽኑን ወለሉ ላይ አጋድሞ ነው የገጣጠመው።

እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ከገበታው ጋር ትታገላለች። አናጢው ጆይስቲኩን በብሎን አስሮ ገበታውን ገልብጦ ሰጥቷታል፤ በጀርባው በኩል፣ በጆይስቲኩ እግር ዙሪያ ባሉት አራት ማብሪያዎች አጠገብ፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ ብሎ ጽፎላታል። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ነጥብ ብቻ በየደች። የቀለጠው ሊድ ይንጠባጠባል፣ እሷ ታጸዳለች፣ ደግሞ ትጀምራለች። እሱ እንጨቱን ይፍቃል፣ ያላየ ይመስላል፣ ዐይኑ ግን እዚያው ነው። በማግስቱ እጇን የምታሳርፍበት ለስላሳ እንጨት ልጎ፣ ፎጣ ጠቅልሎ አጠገቧ አስቀመጠ። እሷም ክንዷን አሳረፈችበት። ሐሙስ ማታ አሥሩም አለቁ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ማሽኑን ተጋግዘው አቆሙት። ገበታው የአናጢው አገጭ ላይ ደረሰ። እሷማ አፍንጫዋ ላይ።

ተንጠራርታ ጆይስቲኩን ለመያዝ ሞከረች።

"ጩጬ" አለች። "ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?"

"ሰባት" አለ፤ በዚያው ቅጽበት ገባው፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

ሳቀች! ሦስት ወር ሙሉ ያልሳቀች ሴት ግድግዳ ይዛ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱ መጋዙን ሲያነሣ ግን እጁን ያዘችው። "ተው፣ እንዳትነካው! መቆሚያ ብቻ ፈልግ።" በሱቁ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰው የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ የተዘጋጀው ሣጥን። ጎትቶ አመጣው፤ ወጡበት፤ አሮጌው ቴሌቪዥን በራ፤ ትንሿ የጠፈር መንኮራኩር ብቅ አለች።

አናጢው ጆይስቲኩን ወደ ግራ ገፋ። መንኮራኩሯ ወደ ቀኝ ሄደች። ወደ ላይ ሲላት ወደ ታች።

እህቱ ከሣጥኑ ወረደች። ሳቋ የት እንደገባ እንጃ። "አየህ" አለች፣ እጇን እጥፍጥፍ አድርጋ ብብቷ ሥር እየደበቀች። "እጄ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ጭንቅላቴም አልቋል። በል አንሣው፣ መበየጃውንም መልስ።"

አናጢው የሚያውቀውን አደረገ፤ ሥራውን መረመረ። በርከክ ብሎ ራሱን በማሽኑ ሆድ ውስጥ ከተተና አንድ እጁን በላይ በኩል ሰዶ ጆይስቲኩን ወደ ግራ ገፋ። የጆይስቲኩ እግር ከሥር ወደ ቀኝ ሄዶ የቀኙን ማብሪያ ቀጭ አደረገ። ደግሞ ወደ ላይ ገፋ፤ እግሩ ወደ ታች። እንጨት መሐሉ ተይዞ ጫፉ ሲገፋ ሌላው ጫፉ በተቃራኒው እንደሚሄድ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ሲጽፍ ግን የላዩን ብቻ እያሰበ ነበር።

"እትዬ!" ብሎ ሲነሣ ራሱን ከገበታው ጋር አጋጨ። "እኔ ነኝ! የኔ እርሳስ ነው! ገልብጬ ነው የጻፍኩልሽ። አንቺ ያልኩሽን ነው የሠራሽው። ነይ እዪው፣ አሥሩም ልክ ነው፣ አንድም የተነቀነቀ የለም!"

አላመነችውም። መነጽሯን አድርጋ በርከክ አለች፤ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ ነካካች። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ነበር።

"አራት ብሎን ፈትቼ ጆይስቲኩን ባዞረውስ?" አላት። "አምስት ደቂቃ አይፈጅም።"

"አይሆንም። ሽቦው ነው ቦታውን የሳተው፤ ሽቦ ደግሞ የኔ ነው። መበየጃውን ሰካልኝ።"

ሦስት ቀን የፈጀባትን ሥራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈትታ መልሳ በየደችው። እጇ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ግን አላየችውም።

ቅዳሜ ጠዋት አናጢው ሲመጣ የሱቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መበየጃው ሣጥን ውስጥ አልገባም፤ ግድግዳው ላይ የጥንት ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሣጥኑ ላይ ወጡ፤ እሱ ጆይስቲኩን፣ እሷ በተኑን ያዙ። ጣቷ በተኑ ላይ ሲንቀጠቀጥ ጥይቱ እንደ ዝናብ ይወርድ ጀመር።

"አይ እትዬ፣ ያኔ እንኳ እንዲህ አትተኩሺም ነበር!"

"ዝም ብለህ ንዳ!"

አስተማሪው ገመድ ይዞ በሩ ላይ የቆመው ይሄኔ ነው። "እንደምን አደራችሁ። የሚወሰደው ዕቃ የቱ ነው?"

"ይኼ ሣጥን ነው" አለች፣ ዐይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። "ግን እንደሚያዩት ቆመንበታል።"

"ግዴለም፣ እስክትጨርሱ እጠብቃለሁ።"

"አንጨርስም" አለች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተማሪዎችዎን ይላኩልኝ፣ መበየድ እዚሁ አስተምራቸዋለሁ። ጩጬ፣ ግራ! ኧረ ግራ በል!"

አናጢው እንባው ሞልቶ መንኮራኩሯም አልታየችው። ግራ ስትለው ግራ ገፋ፤ መንኮራኩሯም ወደ ግራ ሄደች።